ራሱን የሚጫወት ፒያኖ ለማደስ የቱን መጽሐፍ ልያዝ?

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ጎረቤቶቹ ቤት ሲለቁ አሮጌ ፒያኖ «ከፈለግህ ውሰደው» ብለውት፣ አራት ሰው አስቸግሮ ጋራዡ ውስጥ አስገብቶታል። «ከታች እንደ ሲንጀር መኪና የሚረገጡ ሁለት ሰፋፊ ፔዳሎች አሉት። ፊት ለፊቱ ተንሸራታች በር አለው። ውስጡ ደግሞ ቱቦ ብቻ ነው፣ የቱቦ ብዛት! ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

ፎቶ ላክልኝ አልኩት፣ ላከልኝ። ያ ራሱን የሚጫወተው ፒያኖ ነው። ብዙ ሰው ፒያኖላ ይለዋል። ጓደኛዬ እጁ ሥራ የሚወድ ሰው ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ደወለ። «ላድሰው ነው። የቱን መጽሐፍ ልግዛ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን በስልክ አላልቅ አለን። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ፒያኖ ይዤ በዚሁ ጥያቄ ተንገላትቻለሁ። ስለዚህ ለእሱም ለሌላውም እንዲሆን በጽሑፍ ላስቀምጠው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። አለበለዚያ መጽሐፎቹ ስለምን እንደሚያወሩ አይገባም።

የአንጥረኛ ወናፍ ታውቃላችሁ። ሲጫኑት አየር ይተፋል፣ ፍሙን ያቀላዋል። በዚህ ፒያኖ ውስጥ ያሉት ወናፎች ሥራቸው የዚያ ተቃራኒ ነው። አየር አይተፉም፤ ይስባሉ። ተጫዋቹ ፔዳሎቹን ሲረግጥ ከታች ያሉት ትልልቅ ወናፎች በውስጥ ያለውን አየር እየሳቡ ያስወጣሉ። ልጆች ሆነን የጠርሙስ አፍ ከንፈራችን ላይ ገጥመን አየሩን ስንስብ ጠርሙሱ አልላቀቅ ይለን ነበር። ፒያኖውን የሚያንቀሳቅሰው ያው ኃይል ነው።

ከላይ፣ በተንሸራታቹ በር ውስጥ፣ በቀዳዳ የተሞላ የወረቀት ጥቅል ይዞራል። ወረቀቱ የሚያልፈው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በተደረደሩበት ዘንግ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ትራከር ባር ይሉታል። በተለመደው ዓይነት ለእያንዳንዱ የፒያኖ ቁልፍ አንድ፣ በድምሩ 88 ቀዳዳ አለ። የወረቀቱ ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ሽው ብሎ ይገባል። በቀጭን ቱቦ ይወርድና ከአንዲት ክብ ቆዳ ሥር ይደርሳል። ይህቺ ቆዳ ፓውች ትባላለች። ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ ብትል ነው። አየሩ ሲነፋት ቫልቩን፣ ማለትም የአየር መዝጊያውን፣ ወደ ላይ ትገፋለች። ቫልቩ ሲነሳ የመሳቡ ኃይል ከአንዲት ትንሽ ወናፍ ጋር ይገናኛል። ትንሿ ወናፍ እጥፍ ትላለች። መዶሻው ተነስቶ ሽቦውን ይመታል። ድምፅ ወጣ ማለት ነው። ወረቀቱ ቀዳዳውን መልሶ ሲዘጋው፣ ከቆዳዋ ሥር የቀረው አየር የመርፌ ቀዳዳ በምታህል መውጫ ሾልኮ ያልቃል። ቆዳዋ ትተኛለች፣ ወናፏ ትከፈታለች፣ መዶሻው ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ ነው። በእግር በሚረገጠው ዓይነት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለም። እንጨት፣ ቆዳ፣ ጨርቅ፣ ጎማና ወረቀት ነው። እኔን መጀመሪያ የማረከኝ ይኸው ነው።

አሁን ትንሽ ታሪክ፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ምርጫ ከታሪኩ ጋር የተያያዘ ነው። ኤድዊን ቮቲ የተባለ አሜሪካዊ ፒያኖላ የተባለውን መሣሪያ ዲትሮይት ውስጥ የሠራው በ1895 ነው። ያኔ ከፒያኖው ጋር አንድ አልነበረም። ለብቻው የቆመ ሣጥን ነበር። ወደ ፒያኖው ተገፍቶ ይጠጋና 65 የእንጨት ጣቶቹ ቁልፎቹን ይጫኑ ነበር። ቆይቶ መሣሪያው ፒያኖው ውስጥ ገባ። በ1908 አምራቾቹ ቡፋሎ ከተማ ተሰብስበው የወረቀቱን ስፋትና የቀዳዳዎቹን ርቀት ተስማሙ። የአንዱ ኩባንያ ጥቅል በሌላው ፒያኖ ላይ መጫወት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩት ፒያኖዎች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ሆኑ። ከዚያ ሬዲዮ መጣ፣ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ተከተለ፣ ገበያው ተዘጋ።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ ወገን መጽሐፍ የተጻፈው ገበያው ደርቶ፣ ቆዳው ትኩስ፣ ጎማው ለስላሳ በነበረበት ጊዜ ነው። ሌላው ወገን የተጻፈው ከ1960ዎቹ ወዲህ፣ ጎማው እንደ ማካሮኒ ደርቆ፣ ጨርቁ ተሰነጣጥቆ፣ መሣሪያው ድምፁ ከጠፋ በኋላ ነው። ወደ ታች የምጠቅሰው የ1914 መጽሐፍ «ይህች ቫልቭ ከዘገየች እንዲህ አስተካክላት» ይላል። ቫልቩ ላይ ያለው ቆዳ አንድ ቀን ዱቄት ይሆናል ብሎ አላሰበም። የ1985ቱ ግን የሚጀምረው ከዱቄቱ ነው። ጀማሪው ይህን ልዩነት ሳያውቅ ያገኘውን አሮጌ መመሪያ ይዞ ሲገባ ይጠፋል። እኔም የጠፋሁት እዚህ ላይ ነበር። የፋብሪካውን መመሪያ ይዤ ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ ሁለት ወር አለፈ። የተበላሸው ግን ብሎኑ አልነበረም፤ 88ቱም ቆዳዎች አየር ያሳልፉ ነበር።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ጓደኛዬ የመጀመሪያ መልሴን ሲሰማ ቅር አለው። በመጀመሪያ የሚገዛው ስለ ተራ ፒያኖ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። የአርተር ሬብሊትዝ «ፒያኖ ሰርቪሲንግ፣ ቱኒንግ ኤንድ ሪቢልዲንግ» በ1976 ወጣ፣ በ1993 ተሻሽሎ ታተመ። ስለ ወረቀትና ስለ ወናፍ ለማወቅ የቸኮለ ሰው ይህን መጽሐፍ ሊዘለው ይፈልጋል። አይዝለለው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የአየሩ መሣሪያ ራሱ ሙዚቃ አያወጣም። የሚሠራው የጣትን ሥራ ብቻ ነው። ከፊቱ ያለው ፒያኖ መዶሻው የተጣበቀ፣ ፌልት የሚባለው የሱፍ ልባሱ በብል የተበላ ከሆነ፣ ወናፉ ምንም ያህል ቢስብ ድምፁ አይመጣም። ጀማሪው ደግሞ ጥፋቱን ከአየሩ ይፈልጋል። ከዚህ የሚብስም አለ። ሽቦዎቹ የሚጠመጠሙባቸው መቃኛዎች የተተከሉበት እንጨት ተሰንጥቆ ከሆነ ፒያኖው ቅኝት አይይዝም። ዛሬ ተቃኝቶ በሳምንቱ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ፒያኖ ለማደስ አንድ ዓመት ከመድከም በፊት ማወቅ ይሻላል። መጽሐፉ አንድን አሮጌ ፒያኖ ከራስጌ እስከ ግርጌ እንዴት እንደምትመረምር ያስተምራል። ለጓደኛዬ «ምናልባት ይህን መጽሐፍ አንብበህ ፒያኖው አያዋጣም ትል ይሆናል፤ ያም ቢሆን መጽሐፉ ዋጋውን መለሰ» አልኩት።

ሁለተኛው ዋናው ነው። የዚሁ ደራሲ «ፕሌየር ፒያኖ ሰርቪሲንግ ኤንድ ሪቢልዲንግ»፣ የ1985። አንድ መጽሐፍ ብቻ ግዛ ብባል የምገዛው ይህን ነው። አየሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በሥዕል ያሳያል። ቆዳውን፣ ቫልቩን፣ ትንንሾቹንና ትልልቆቹን ወናፎች፣ ጥቅሉን የሚያዞረውን የአየር ሞተር በየተራ እያነሳ እንዴት እንደሚፈታ፣ እንዴት እንደሚታደስና እንዴት እንደሚፈተን ይናገራል። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት የተለያዩ አምራቾችን መሣሪያ እየለየ ማሳየቱን ነው።

ሦስተኛ የላሪ ጊቨንስ «ሪቢልዲንግ ዘ ፕሌየር ፒያኖ» አለ፣ የ1963። ከሬብሊትዝ ይቀላል። ቁጭ ብለህ ቡና እየጠጣህ የምታነበው ዓይነት ነው። ነገሩ አስፈሪ እንዳልሆነ ለማየት ጥሩ ነው። ዕቃ ግዢ ላይ ግን የሬብሊትዝን መጽሐፍ ብትከተል ይሻላል። በዚያ ዘመን ገደማ የነበሩ አዳሾች አንዳንድ አዳዲስ ነገር ሞክረዋል። ለምሳሌ በቆዳ ፋንታ ቀጭን ፕላስቲክ የተጠቀሙ ነበሩ። ፕላስቲኩ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ተበጣጠሰ። የድሮው ቆዳ ግን ስንት አሥርት ዓመት ቆይቶ ነው የደከመው።

ወደ ፋብሪካ መመሪያዎቹ ልምጣ፤ ምክንያቱም እነሱንም መናቅ አይገባም። ተራቸው ግን ከላይ ካሉት በኋላ ነው። እዚህ ጋ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ከቁልፎቹ በላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው ስም የፒያኖው ሠሪ ስም ነው። የአየሩ መሣሪያ ሠሪ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ብዙ ፒያኖ ሠሪዎች መሣሪያውን ከሌላ ኩባንያ እየገዙ ይገጥሙ ነበር። ስታንዳርድ ኒውማቲክ፣ ሲምፕሌክስ፣ አምፊዮን የሚባሉ ስሞች የዚያ ናቸው። ስሙ አንዳንዴ ጥቅሉ ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ይገኛል። አንዳንዴ ጭራሽ አይገኝም፤ ያኔ በቅርጹ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር እያስተያዩ መለየት ነው። መመሪያ የሚፈለገው በዚህ ስም እንጂ በፒያኖው ስም አይደለም። የፒያኖውን ዕድሜ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ተከታታይ ቁጥሩን ይዞ «ፒርስ ፒያኖ አትላስ» በተባለው መድበል ውስጥ ይፈልግ።

የድሮ መመሪያዎቹን ከመጥፋት ያዳኑ ሰዎች አሉ። ሃርቪ ሮል የተባለ ሰው ከባለቤቱ ጋር ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ቬስታል ፕሬስ የተባለ ማተሚያ አቋቁሞ የፋብሪካዎቹን መመሪያ እየፈለገ እንደገና ያትም ነበር። ዛሬ በአሮጌ መጽሐፍ ገበያ የምታገኟቸው ብዙዎቹ ቅጂዎች የዚያ ቤት ሥራ ናቸው። ያ ሰው ያን ባያደርግ ኖሮ ብዙ ፒያኖ ዛሬ ዝም እንዳለ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከድሮዎቹ አንዱን ምረጥ ብባል የዊልያም ብሬይድ ዋይት «ዘ ፕሌየር ፒያኖ አፕ ቱ ዴት»ን እመርጣለሁ፣ የ1914። ለፒያኖ ቃኚዎችና ለሻጮች ጭምር የተጻፈ ነው። መሣሪያው አዲስ ሳለ እንዴት መሥራት እንደነበረበት ይነግርሃል። አድሰህ ስትጨርስ «አሁን ልክ ነው ወይስ አይደለም?» ብለህ ስትጨነቅ ያኔ ትከፍተዋለህ። አሜሪካ ውስጥ የደራሲ መብቱ ጊዜ ስላለፈበት ገንዘብ ማውጣትም አያስፈልግም።

ለማንበብ እንጂ ለመጠገን የማይሆኑም አሉ። የሮል «ፕሌየር ፒያኖ ትሬዠሪ»፣ የ1961፣ በድሮ ማስታወቂያና ሥዕል የተሞላ ነው። የዴቪድ ባወርስ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኦቭ አውቶማቲክ ሙዚካል ኢንስትሩመንትስ»፣ የ1972፣ ከ1000 ገጽ በላይ ነው፤ ከሙዚቃ ሣጥን ጀምሮ ባዛር ላይ እስከሚጫወተው ትልቅ ኦርጋን ድረስ ሁሉም አለበት። የጆን ማክታማኒ «ዘ ቴክኒካል ሂስትሪ ኦቭ ዘ ፕሌየር»፣ የ1915፣ ደግሞ የሚነበበው በጥንቃቄ ነው። ሰውየው ራሱ ፈጣሪ ነኝ ባይ ነበር፤ ስለዚህ የሚጽፈው ለራሱም እየተሟገተ ነው። እነዚህ ሁሉ ደስ ይላሉ። ካቻቪቴ ከመያዝ በፊት ግን አያስፈልጉም።

አሁን ሁሉም ጥሩ መጽሐፍ አጥብቆ ወደሚናገረውና ጀማሪ ሁሉ ወደሚዘለው ነገር ልግባ፦ ሙጫው።

ትንሿ ወናፍ ሁለት ስስ ሳንቃ ናት፣ በአንድ ጠርዝ የተያያዘች፣ ዙሪያዋ ጎማ የተቀባ ቀጭን ጨርቅ የለበሰች። ጨርቁ ሲያረጅ ይነሳና አዲስ ይለጠፋል። ፋብሪካው የለጠፈው ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ትኩስ ሙጫ ነው። እንክብሉ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንደ ጄሎ ያብጣል፣ ከዚያ በሌላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቃል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ጉልበቱን ያጣል። ሽታው ደስ አይልም፤ ቤተሰብ ያማርራል። በቡሩሽ ስትቀባው ጊዜ አይሰጥህም፣ ወዲያው ይረጋል። ጀማሪው ይህን ሲያይ «ነጩ ኮላ እያለ ምን አደከመኝ?» ይላል።

መልሱ እኔ ጋ አለ። የእኔን ፒያኖ ከእኔ በፊት አንድ ሰው «አድሶት» ነበር፤ ማን እንደሆነ አላውቅም። ትንንሾቹን ወናፎች በነጭ ኮላ ለጥፏቸዋል። በቆዳ ሙጫ የተለጠፈ እንጨት ትንሽ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይለቃል፤ ወይም መሮ ጠርዙ ላይ አድርገህ በመዶሻ መታ ስታደርገው መስመሩን ይዞ ጧ ብሎ ይከፈታል። ሳንቃው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ኮላ ግን እምቢ አለ። ጨርቁን ስስበው የእንጨቱን ሥጋ ይዞ ተነሳ። የመጀመሪያዋን ወናፍ ይዤ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ አንዱ ሳንቃ መሐሉ ተሰንጥቆ እጄ ላይ ቀረ። ከ88ቱ 31ዱን ሳንቃቸውን እንደ አዲስ ቆርጬ መሥራት ነበረብኝ። የአንድ ክረምት ሥራ ነው። ያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ምናልባትም ጠንክሮ ነው የሠራው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ግን አልታየውም። ትኩሱ ሙጫ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ይይዛል፣ ሲፈለግ ደግሞ ይለቃል።

ከዚህ ቀጥሎ መጽሐፎቹ የሚሉት፣ ከመፍታት በፊት መዝግብ ነው። ቱቦ ከመነቀሉ በፊት ቁጥር ይጻፍበት። ፎቶ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። እያንዳንዱ ብሎን ከወጣበት ቦታ ስም ጋር በትንሽ ከረጢት። 88 ቱቦ ተመሳሳይ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ከተቀያየረ ዜማው ሁሉ ይዘባረቃል። አንዳንዱ ፒያኖ ቱቦው ጎማ ሳይሆን እርሳስ ነው። ነጭ ዱቄት ካወጣ በባዶ እጅ አይነካ፣ አይነፋ፤ ዱቄቱ መርዝ ነው። ጓንትና ጭንብል አድርጎ፣ ልጆችን ከአካባቢው አርቆ መሥራት ነው።

በጣም የምወደውን ፈተና ልንገራችሁ። ውድ መለኪያ አያስፈልግም። ረዘም ያለ፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ግዙ። እንደ «ዩ» ፊደል አጥፋችሁ ሳንቃ ላይ እሰሩት፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጉ፣ እስከ ግማሹ ውሃ ሙሉት። ውሃው እንዲታይ ትንሽ የምግብ ቀለም ጣሉበት። አንዱን ጫፍ ከፒያኖው የአየር መስመር ጋር አገናኙና ፔዳል ርገጡ። በአንዱ ወገን ውሃው ሲወጣ፣ በሌላው ሲወርድ ታያላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት የመሳቡ ኃይል ነው። መጽሐፎቹ «ይህን ያህል ኢንች ውሃ» የሚሉት ይህንን ነው። ቀዳዳዎቹን ሁሉ በፕላስተር ዘግታችሁ ስትረግጡ ውሃው ከወጣ በኋላ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ፕላስተሩን አንድ አንድ ቀዳዳ እያስከፈታችሁ ስትሄዱ ደግሞ የትኛዋ ወናፍ እንደሰነፈች ትለያላችሁ። አንዳንዴ ችግሩ የወረቀት ብናኝ ብቻ ነው፤ ትራከር ባሩ ላይ በምትያዝ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ተስቦ ይወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ፒያኖው ላይ ዌልቴ ሚኞን፣ ዱዎ አርት ወይም አምፒኮ የሚል ካያችሁ አትንኩት። እነዚህ ኖታውን ብቻ አይጫወቱም፤ የተጫዋቹን የጣት ክብደት ጭምር ለመመለስ የተሠሩ ናቸው። ዌልቴ በ1904 ጀርመን ውስጥ የጀመረው ነው። ከታላላቆቹ የሙዚቃ ደራሲዎች ማህለር በ1905 ለዌልቴ ተጫውቷል፣ ራክማኒኖቭ ለአምፒኮ። እንዲህ ያለው መሣሪያ በመጀመሪያ ሥራ የሚሞከር አይደለም። የፋብሪካ መመሪያቸው ራሱ ለሠለጠነ ባለሙያ የተጻፈ ነው። አንድ ተራ ፒያኖ አድሳችሁ ጨርሳችሁ፣ ከዚያ ብትመለሱበት ይሻላል። በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠሩት የአሁኖቹ፣ እንደ ያማሃ ዲስክላቪየር ያሉት፣ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ናቸው፤ እነዚህ መጽሐፎች አይመለከቷቸውም።

ጓደኛዬ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገዝቶ አንብቧል። ባትሪ ይዞ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ እንጨቱ ደህና ነው። ትናንት ማታ ፎቶ ላከልኝ። ከጥቅሉ ሣጥን ውስጥ፣ ከአቧራው ሥር፣ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት። «ስታንዳርድ ኒውማቲክ» ትላለች። ሁለተኛው መጽሐፍ በፖስታ መንገድ ላይ ነው። እስኪደርስ ድረስ ቱቦዎቹ ላይ ቁጥር እየጻፈ ነው፤ 40 ላይ ደርሷል።